ክልሎች ክረምት ሳይገባ ይፈራረሙ፦ ግልጽ ደብዳቤ ለኢትዮጵያ አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን

ይድረስ ለተከበራችሁ የኮሚሽኑ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ለገሃር አካባቢ የጭነት መኪና አስተባባሪ ነኝ። ሥራዬ ስልክ ላይ ነው። ዕቃ ያለውን ከመኪና ባለቤት ጋር አገናኛለሁ፣ ዋጋ አስማማለሁ፣ ጭነቱ ደረሰ እስኪባል ሹፌሩን እከታተላለሁ። የሆነ ቦታ አደጋ በደረሰ ቁጥር ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰዎች ይደውሉልኛል። ፍራሽና ብርድ ልብስ የሰበሰቡ የሰፈር ወጣቶች፣ ማሽኑን ማዋስ የሚፈልግ ኮንትራክተር፣ ፈቃድ ወስጄ ልሂድ የምትል ነርስ። የሰጪ እጥረት አላየሁም። ያጣሁት ማን እንደሚጠይቅ፣ ማን እንደሚፈርም፣ ወጪው የማን እንደሆነ የሚነግረኝን ሰው ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬን ከፊት ላስቀድም። 12ቱ ክልሎችና ሁለቱ የከተማ አስተዳደሮች ድንገተኛ አደጋ ሲደርስ እንዴት እንደሚረዳዱ የሚወስን ቋሚ ስምምነት ይፈራረሙ። ረቂቁን ኮሚሽኑ ያዘጋጅ፣ ክልሎቹንም ኮሚሽኑ ያቀራርብ። ይህም አደጋ ሳይደርስ፣ ሁሉም ሰው ተረጋግቶ ማሰብ በሚችልበት ጊዜ ይሁን።

የጎፋውን ታስታውሳላችሁ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ መሬት ተንሸራቶ ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ቀበረ። ጎረቤቱ ሊያወጣቸው ሮጦ ደረሰ። ሰው ተሰብስቦ ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ መጣና አዳኞቹንም ጨመረ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ከሞቱት መካከል የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ነበሩ። ሊያድኑ ሄደው ነው የቀሩት። ከዚያ በኋላ ለቀናት ሕዝቡ በአካፋና በባዶ እጁ አፈር ሲምስ በቴሌቪዥን አየን። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮችም እንደየአቅማቸው ድጋፍ አደረጉ። ለዚህ ማንም አይወቀስም፤ እንዲያውም የሚያኮራ ነው።

በዚያ ሳምንት አንድ የኤክስካቫተር ባለቤት ደወለልኝ። "ማሽኑ ይሂድ፣ ሎቤድ ፈልግልኝ" አለኝ፤ ከባድ ማሽን የሚጭነውን ዝቅ ያለ ተሳቢ ማለቱ ነው። ቦታው ተራራ መሆኑን፣ መንገዱም በዝናብ የተበላሸ መሆኑን ነገርኩት። "ደርሶ ካልሠራ ይመለሳል" አለ። እንዲህ ያለ ሰው ነው። ሎቤዱም ተገኘ። ከዚያ ጥያቄዎቹ መጡ። ነዳጁን ማን ይሞላል? ኦፕሬተሩ ውሎ አበሉን ከማን ይቀበላል? ማሽኑ ገደል ቢገባ ማን ይተካዋል? ሲቆፍር ያልፈረሰ ቤት ቢያፈርስ ወይም ሰው ቢጎዳ ተከሳሹ ማን ነው? ኦፕሬተሩ ራሱ ጉዳት ቢደርስበት ቤተሰቡን ማን ያያል? እዚያ ደርሶስ ሪፖርት የሚያደርገው ለማን ነው? ለወረዳው? ለዞኑ? ለፌዴራል? የደወልኩላቸው ሰዎች ሁሉ በቅንነት መለሱልኝ። ሁሉም የመለሱልኝ ግን የሌላ ሰው ስልክ ቁጥር ነው። ኤክስካቫተሩ አልሄደም።

የመሬት መንቀጥቀጡ ጊዜ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሲርገበገብ ከረመ። ታኅሣሥ ላይ ባሰበት። እኛም መሐል አዲስ አበባ ሆነን ተሰምቶናል፤ ፎቅ ላይ የሚኖረው ሰው ሌሊት ልጆቹን አቅፎ ደረጃ ሲወርድ ነበር። እዚያ ግን አስፋልቱና ቤቱ ተሰነጠቀ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቀዬውን ለቀቀ። ልብ በሉ፦ በአንድ ወገን የአፋር ክልል አዋሽ ፈንታሌ ወረዳ አለ፣ በሌላው ወገን የኦሮሚያ ክልል ፈንታሌ ወረዳ አለ። ተራራው አንድ፣ መንቀጥቀጡ አንድ፣ ክልሉ ሁለት።

የእኛ አካባቢ ነጋዴዎችና ነዋሪዎች አንድ ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና ሙሉ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስና ሸራ ጭነው ላኩ። የድጋፍ ደብዳቤ ተጽፏል፣ ማኅተም አለው፣ ሁሉም ነገር በሥርዓት ነው። መኪናው ሲደርስ ተፈናቃዮቹ ከነበሩበት ጣቢያ ተነሥተው ወደ ሌላ ተዛውረዋል። አዲሱ ጣቢያ ደግሞ ከወሰኑ ማዶ ነው። ደብዳቤው የተጻፈው ለወዲህኛው ቢሮ ነው። የወዲያኛው መጋዘን ኃላፊ በትሕትና እንዲህ አለ፦ "በስማችን ያልተጻፈ ዕቃ ተቀብዬ ሞዴል 19፣ የዕቃ መቀበያ ደረሰኙን፣ ብቆርጥ ነገ ኦዲት ሲመጣ የምጠየቀው እኔ ነኝ።" እውነቱን ነው። ኬላ ላይም መኪናው ቆመ፤ የኬላው ሠራተኛም እውነቱን ነው። ሹፌሩ መኪናው ውስጥ አደረ። ሰው ሜዳ ላይ በብርድ ሲያድር ፍራሹ ሸራ ለብሶ መኪና ላይ አደረ። አዲስ ደብዳቤ እስኪጻፍ፣ እስኪፈረም፣ እስኪላክ ማለት ነው።

ይህን የማነሣው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። የመጋዘኑን ኃላፊ በእሱ ቦታ ሆኜ ሳስበው እኔም ያንኑ አደርግ ነበር። ሰውየው ደንብ አክባሪ ነው። ችግሩ ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን የተጻፈ ደንብ አለመኖሩ ነው።

ምክንያቱ ይገባኛል። ተቋማችሁ መነሻው ድርቅ ነው። በ1966 ዓ.ም. ከወሎው ረሃብ በኋላ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተብሎ ተቋቋመ። ስሙና ተጠሪነቱ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል፤ በውስጡ ያለው ልምድ ግን የዋዛ አይደለም። ድርቅ ምልክት ይሰጣል። በልግ ሲቀር ይታያል፣ ግምገማ ይወጣል፣ ስንዴ ይገዛል፣ መጋዘን ይሞላል፣ ለወራት ይጓጓዛል። የእርዳታ አሠራራችን፣ ቅጾቻችን፣ የመጋዘን ሥርዓታችን ሁሉ የተቀረጸው በዚህ ፍጥነት ነው። ናዳና የመሬት መንቀጥቀጥ ግን ለግምገማ ጊዜ አይሰጡም። ደራሽ ውኃም እንደዚያው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከስንዴው በፊት የሚያስፈልገው ሰውና ማሽን ነው፦ ቆፋሪ፣ አዋቂ ሐኪም፣ የውኃ ቦቴ፣ ጀነሬተር፣ ገመድና መብራት ያለው የነፍስ አድን ቡድን። እነዚህ በመጋዘን አይቀመጡም። ያሉት በየክልሉ፣ በየከተማው፣ በየኮንትራክተሩ ግቢ ነው። ቶሎ የሚደርሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የጎረቤት ክልል ነው።

ሌላው አገር ይህን እንዴት እንደፈታው ላንሳ። አሜሪካ እንደ እኛ ፌዴሬሽን ናት፤ ግዛቶቿ የየራሳቸው ሕግ፣ በጀትና የሙያ ፈቃድ አላቸው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1992 አንድሩ የተባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳን ሲያወድም ጎረቤቶቿ መርዳት ፈልገው የተቸገሩት እኔ ከላይ በዘረዘርኳቸው ጥያቄዎች ነው። በዚያን ጊዜ የፍሎሪዳ ገዥ የነበሩት ላውተን ቻይልስ ከሌሎች የደቡብ ገዥዎች ጋር መክረው በ1993 የደቡብ ግዛቶች የመረዳጃ ስምምነት አወጡ። በኋላ ለሁሉም ግዛቶች ተከፈተ። በ1996 የፌዴራሉ ኮንግረስ አጸደቀው። ዛሬ 50ዎቹም ግዛቶች አባል ናቸው። በምሕጻሩ ኢማክ ይሉታል። ርዝመቱ 13 አንቀጽ ብቻ ነው።

የሚገርመው ጽሑፉ ስለ ወንድማማችነት ብዙ አያወራም። የሚያወራው ስለ ሒሳብና ስለ ኃላፊነት ነው። የተጎዳው ግዛት ይጠይቃል። ጥያቄው በቃልም ይቻላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ግን በጽሑፍ መረጋገጥ አለበት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። መጀመሪያ በስልክ፣ ወረቀቱ በኋላ! የእኛ ኤፍ ኤስ አር ያደረው በዚህች አንዲት መስመር እጦት ነው።

ረጂው ግዛት ምን እንደሚልክና ምን ያህል እንደሚያስወጣ በአንድ ወጥ ቅጽ ይጽፋል። ጠያቂው ይፈርማል። ሁለቱም ከፈረሙ በኋላ ያ ወረቀት ውል ነው። በመሠረቱ ወጪውን የሚመልሰው የተረዳው ነው፤ ረጂው ግን በፈቃዱ መተው ይችላል። የነርሷ፣ የመሐንዲሱ፣ የሐኪሙ ፈቃድ በጠያቂው ግዛት እንደተሰጠ ይቆጠራል። በቅንነት ሲሠራ ለደረሰ ጉዳት የሄደው ሠራተኛ የተረዳው ግዛት ወኪል እንደሆነ ይታያል እንጂ ብቻውን ለክስ አይጋለጥም። ቢጎዳ ወይም ቢሞት ካሣውን የላከው ግዛት ይከፍላል፣ ልክ በገዛ አገሩ ሥራ ላይ እንደተጎዳ ተቆጥሮ። ቡድኑ በራሱ አለቃ ሥር ይቆያል፣ የት ቦታ ምን ይሥራ የሚለውን ግን የሚወስነው አደጋው የደረሰበት ግዛት ነው። ደግሞም ማንም አይገደድም። ለራሱ የሚያስፈልገውን መያዝ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪናና ሪታ የተባሉት አውሎ ነፋሶች ሲመጡ በዚህ ስምምነት 66,000 ያህል ሰው ከግዛት ግዛት ተንቀሳቅሷል። በካትሪና አደጋ ብዙ ነገር ተበላሽቶ እንደነበር ዓለም ያውቃል፤ የፌዴራሉ መንግሥት ዘግይቶ ብዙ ተወቅሷል። ስምምነቱ ሁሉን አላዳነም። ነገር ግን ያ ሁሉ ሰው የተንቀሳቀሰው ውሉ ቀድሞ ስለተጻፈ ነው።

ከላይ ያነሣሁትን የኦፕሬተር ጥያቄ አስታውሱ። ቤተሰቡን ማን ያያል? ጎፋ ላይ ሊያድኑ ሄደው የሞቱትን እያሰብኩ ይህን አንቀጽ ደጋግሜ አነበብኩት። ሰው ነፍሱን ሊሰጥ ሲሄድ የልጆቹ ነገር አስቀድሞ በወረቀት ላይ መቀመጡ ትልቅ ክብር ነው። ከሁሉም በፊት እንዲጻፍ የምለምናችሁ ይህን ነው።

"እኛ አሜሪካ አይደለንም" የሚል ይኖራል። አይደለንም። ግን ይህ ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅትን ያቋቋመው ስምምነት የተፈረመው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። አንበጣ ድንበር አያውቅም፣ አውሮፕላኑም ድንበር ይሻገር ተብሎ አገሮች ተፈራረሙ። በ2012 ዓ.ም. መንጋው ሲመጣ የዚያ ድርጅት ጥቅም ታይቷል። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ2011 ዓ.ም. ሲቃጠልም ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ከእኛ ሰዎች ጋር ተሰልፈዋል። ከውጭ አገር ጋር መስማማት የቻልን ሰዎች ከክልል ክልል እንዴት ያቅተናል?

ከተማችንም ልምድ አላት። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን መኪናዎች በዙሪያዋ ባሉ የኦሮሚያ ከተሞች እሳት ሲነሣ ሲሄዱ እናያለን። ይህ ነገር ግን በበጎ ፈቃድና በስልክ ትውውቅ ላይ እንዳይንጠለጠል እፈልጋለሁ። የሚተዋወቁት ሁለት ኃላፊዎች ሲቀየሩ ትውውቁም አብሮ ይሄዳል።

ስለ ሕዝቡም አንድ ነገር ልበል፤ የሰፈሬን ሰዎች ሳነሣ ደስ ይለኛልና። ለተፈናቃዮቹ የእድር ድንኳን እናውስ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። አባላቱ ተስማሙ። ሰብሳቢው ግን ጠየቁ፦ "ድንኳኑን ተቀብሎ የሚፈርምልን ማን ነው? ቢቀደድስ? ነገ እዚህ ለቅሶ ቢደርስ ምን ልንል ነው?" ስስት እንዳይመስላችሁ። የድንኳኑ ባለቤት በየወሩ መዋጮ የሚከፍለው ሁሉ ነው። አንድ ተቀባይ መሥሪያ ቤት "ተረክቤያለሁ፣ እመልሳለሁ፣ ቢበላሽ እተካለሁ" ብሎ ቢፈርም በዚያው ቀን ይጫን ነበር። ክልል ለክልል የሚፈርመው ሰነድ ለእንዲህ ዓይነቱም በር ይክፈት።

መረጃም እርዳታ መሆኑ እንዳይዘነጋ። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋን ሲመታ ከ250 በላይ ሰው ሞቷል። ዝናቡ የዘነበው ግን ከከተማዋ በላይ ባለው የሐረርጌ ደጋ ነው። ዋቢ ሸበሌም ከባሌና ከአርሲ ደጋ ተነሥቶ ነው ሶማሌ ክልልን የሚያጥለቀልቀው፤ በ2016 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው አፈናቅሏል። አዋሽም ከኦሮሚያ ደጋ ወደ አፋር ነው የሚወርደው። ላይኛው ሲዘንብ የታችኛው ተኝቷል። "ዝናቡ ከዚህ መጠን ካለፈ በዚህ ሰዓት ውስጥ ለዚህ ሰው ይደወላል" የሚል ግዴታ በስምምነቱ ውስጥ ይግባ። ይህኛው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳይገባበት እፈልጋለሁ፤ የታጠቀ ኃይል። ያለፍንበትን ሁላችንም እናውቃለን። በክልሎች መካከል ጥርጣሬ አለ፣ ቁስል አለ። ውሉ ስለ እሳት አደጋ ሠራተኛ፣ ስለ ጤና ባለሙያ፣ ስለ መሐንዲስ፣ ስለ ማሽን፣ ስለ ውኃ ቦቴና ስለ ጭነት መኪና ብቻ ይሁን። ጥበቃው የአደጋው ቦታ ባለቤት ሥራ ሆኖ ይቅር። እንዲህ ከተገደበ ፖለቲካው ያልተስማማላቸው ጎረቤቶችም ሊፈርሙት ይችላሉ። ማንም እንዲልክ የማይገደድ መሆኑም ፍርሃቱን ይቀንሳል።

12ቱን በአንድ ጊዜ ማስፈረም ከከበደ ከጎረቤታሞች ይጀመር። ፈንታሌ ላይ አፋርና ኦሮሚያ፣ ደቻቱ ላይ ድሬዳዋና ኦሮሚያ፣ እዚህ ደግሞ አዲስ አበባና ዙሪያዋ። እነዚህ ሦስት ቦታዎች ላይ አንድ ዓይነት ቅጽ ይሞከር። ቅጹ አንድ ገጽ ይሁን። መጋዘን ያለው ሰው ያለ ስጋት ሞዴል 19 እንዲቆርጥበት፣ የኬላው ሠራተኛም አይቶ እንዲያሳልፍበት ሆኖ ይዘጋጅ። ለአደጋው ቦታ የተላከ ዕቃ ተፈናቃዩ ወሰን ቢሻገር ተከትሎት ይሻገር። በየክልሉ ሌሊትም ስልክ የሚያነሣና የመፈረም ሥልጣን ያለው አንድ ሰው ይመደብ። ከሥልጣኑ ጋር ነው ያልኩት፤ ስልክ አንሥቶ "ለአለቃዬ ልንገር" የሚል ሰውማ ዛሬም አለን። ከዚያ ክረምት ከመግባቱ በፊት ልምምድ ይደረግ። ቢሮ ውስጥ በስላይድ ሳይሆን፣ እውነተኛ ሎቤድ እውነተኛ ኬላ አልፎ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 89 አደጋ ሲደርስ እርዳታ ለተጎጂው በወቅቱ እንዲደርስ ማድረግን የመንግሥት ግዴታ አድርጎታል። "በወቅቱ" የሚለውን የሚፈጽመው መጨረሻ ላይ ሹፌር፣ መጋዘን ጠባቂና የኬላ ሠራተኛ ነው። እነሱ የሚያሳዩት ወረቀት ስጧቸው።

ረቂቅ ጀምራችሁ ከሆነ ለሕዝብ ውይይት አውጡት፤ አንብበን አስተያየት እንሰጣለን። ካልጀመራችሁ ደግሞ ስትጀምሩ ከሕግ ባለሙያዎቹ ጋር የማሽን ባለቤቶችን፣ ነርሶችን፣ የእድር ሰብሳቢዎችንና ሹፌሮችን ጥሩ። በክረምት የትኛው ድልድይ ሎቤድ እንደማያሳልፍ፣ የትኛው ከተማ ላይ ሌሊት ነዳጅ እንደሚገኝ፣ ከዋናው መንገድ ውጪ የትኛው መግቢያ እንደሚሻል ሹፌሮቹ በቃላቸው ያውቁታል። እኔም በጠራችሁኝ ቀን ይዣቸው እመጣለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የጭነት መኪና አስተባባሪ
ለገሃር፣ አዲስ አበባ